በብርሃን የበሰለ ሙጫ ለምን አይደርቅም?

በዚህ ዓምድ ስለ ዕለታዊ ቁሳቁሶችና ስለ አሠራራቸው የሚላኩልንን ጥያቄዎች እንመልሳለን። ሰሞኑን ከአንድ የማተሚያ ቤት ባለሙያ የደረሰን ደብዳቤ ስለ ሙጫ የሚጠይቅ ነበር። ቀደም ሲል ደርሰውን ሳንመልሳቸው የቆዩ አምስት ደብዳቤዎችም ወደዚያው ጉዳይ የሚያመሩ ሆነው ስላገኘናቸው የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት የሌብል ማተሚያ ማሽን ላይ እሠራለሁ። ከውጭ በሚመጣልን ተለጣፊ ወረቀት መግለጫ ላይ ሙጫው በአልትራቫዮሌት የበሰለ አክሪሊክ መሆኑ ተጽፏል። እኛ የምናትምበት ቀለም በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሲያልፍ ወዲያው ይደርቃል፤ በጣት ቢነካም አይለቅም። ታዲያ ያው ብርሃን ሙጫውን ሳያደርቀው እንዴት ቀረ? ዘጠኝ ዓመት በሙያው ስቆይ ይህን የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።»

መልስ፦ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው «መድረቅ» ከሚለው ቃላችን ይመስለናል። በአማርኛ የአናጺ ኮላም ይደርቃል፣ ሲሚንቶም ይደርቃል፣ ቀለምም ይደርቃል፤ ነገር ግን የሦስቱ ሥራ የተለያየ ነው። ኮላው የሚጠነክረው በውስጡ ያለው ውሃ ከፊሉ በእንጨቱ ተመጥጦ ከፊሉ ተኖ ስለሚያልቅ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃው ስለሄደ ሳይሆን ከውሃው ጋር ስለተዋሐደ ነው። እርስዎ የሚያትሙበት ቀለም ደግሞ የሚተን ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ትንንሾቹ ሞለኪውሎች በብርሃኑ ኃይል እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ጥብቅ መረብ ስለሚሆኑ ነው በጣት ሲነካ የማይለቀው። ይህን የመጨረሻውን ሂደት በፋብሪካ «ኪዩሪንግ» ይሉታል፤ እኛ እዚህ «ማብሰል» እንለዋለን። ሙጫውም እንደ ቀለሙ በስሏል። ልዩነቱ እስከ ምን ድረስ እንደበሰለ ነው።

በሌብል፣ በፕላስተርና በስቲከር ጀርባ ያለው በግፊት የሚለጠፍ ሙጫ ከሌሎች ሙጫዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፦ ሲለጠፍ ምንም አይለወጥም። ውሃ አይፈልግም፣ አይሞቅም፣ አይደርቅም፤ ከፋብሪካ በወጣበት ሁኔታ በጣት ተጭነው ይለጥፉታል፣ በዚያው ሁኔታም ዕድሜውን ይጨርሳል። ስለዚህ ሁለት የሚቃረኑ ነገሮችን በአንድነት እንዲፈጽም ይጠበቅበታል። በአንድ በኩል በጣት ግፊት ብቻ እየፈሰሰ በዓይን በማይታዩት የጠርሙሱ ወይም የካርቶኑ ጎድጓዳ ስፍራዎች ውስጥ መግባት አለበት። በሌላ በኩል ከገባ በኋላ መፍሰሱን ትቶ እንደ ጠጣር ነገር መያዝ አለበት። ማር የመጀመሪያውን ያውቅበታል፤ የነካውን ሁሉ ያርሳል፣ ነገር ግን ሲስቡት እየተመዘዘ ይለቃል። የጎማ ኳስ ሁለተኛውን ያውቅበታል፤ ቅርጹን ይይዛል፣ ነገር ግን የትም አይለጠፍም። ሙጫው በሁለቱ መካከል የሚገኝ ጠባብ ስፍራ መያዝ ይኖርበታል።

የዚህን ስፍራ ወሰን በቁጥር ያስቀመጠው በአሜሪካው ስሪኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ካርል ዳልኲስት ነው። በ1960ዎቹ ባቀረበው ሥራ፣ አንድ ነገር በቀላል ግፊት ሊለጠፍ የሚችለው ግትርነቱ በአንድ ሴኮንድ ጊዜ ሲለካ ከ300 ሺህ ፓስካል (የግትርነት መለኪያ ነው) ገደማ በታች ከሆነ ነው አለ። ለማነጻጸር ያህል የብረት ግትርነት 200 ቢሊዮን ፓስካል ገደማ ሲሆን የተለመደ ጎማ ደግሞ ሚሊዮኖችን ይቆጥራል። በማሽንዎ ላይ የሚበስለው ቀለም ይህን ወሰን እጅግ አርቆ ያልፋል፤ ሙጫው ግን ከወሰኑ በታች እንዲቆይ ተደርጎ ይበስላል።

እንዴት? አክሪሊክ ሙጫ በጣም ረጃጅም የሆኑ የሞለኪውል ሰንሰለቶች ክምር ነው፤ እንደ ተወሳሰበ የጥጥ ፈትል ቢያስቡት ከእውነቱ አይርቁም። ሰንሰለቶቹ የሚሠሩት በአብዛኛው እንደ ቡቲል አክሪሌትና ኤቲልሄክሲል አክሪሌት ካሉ፣ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንኳ እንደ መስተዋት ከማይደርቁ ለስላሳ ነገሮች ነው፤ በዚያ ላይ መያዣ የሚሰጠው አክሪሊክ አሲድ በትንሹ ይጨመርበታል። የተወሳሰበውን ፈትል በድንገት ሲስቡት ይከብዳል፤ ክብደት አንጠልጥለው ለሰዓታት ከተዉት ግን ክሮቹ ቀስ በቀስ እየተንሸራተቱ ይለቃሉ። አሁን እዚህም እዚያም ሁለት ክሮችን በአንድ ቋጠሮ ቢያስሯቸው ክምሩ ለስላሳነቱን ሳያጣ መንሸራተቱን ያቆማል። አልትራቫዮሌት ብርሃኑ የሚሠራው ይህን ቋጠሮ ነው። በቀለሙ ውስጥ ቋጠሮዎቹ እጅግ ተቀራርበው ስለሚበዙ ነገሩ እንደ ቀንድ ይጠነክራል፤ በሙጫው ውስጥ ግን በጣም አልፎ አልፎ ብቻ ይታሰራሉ።

ቋጠሮዎቹ ካነሱ ሌብሉ ሲላጥ ሙጫው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ጠርሙሱ ላይ ይቀራል፣ በሙቀትም ጊዜ በጥቅሉ ጠርዝ እየወጣ የመቁረጫ ስለትዎን ያቆሽሻል። ከበዙ ደግሞ ሙጫው እየዘለለና እየተንጫጫ ይላጣል፣ በካርቶን ላይም አይይዝም። ለዚህ ነው የሌብል ፋብሪካዎች ሁለቱንም ጠባይ ለየብቻ የሚለኩት። በአንደኛው ፈተና ሌብሉን በደቂቃ 300 ሚሊሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ አጥፈው ይልጡታል። በሁለተኛው 25 በ25 ሚሊሜትር በሆነ ስፍራ ለጥፈው አንድ ኪሎ ክብደት ያንጠለጥሉበትና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይቆጥራሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ሲያድግ ሁለተኛው የመውረድ ጠባይ አለው፤ ጥበቡ ያለው በመካከላቸው ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ብርሃን ለምን አስፈለገ የሚለው ይቀራል፤ መልሱም ያለው በታሪኩ ውስጥ ነው። በ1845 በአሜሪካ በጎማ ላይ የተመሠረተ የሕክምና ፕላስተር የፈጠራ መብት ተሰጥቶት ነበር። የስሪኤሙ ሪቻርድ ድሩው ለመኪና ቀለም ቀቢዎች የወረቀቱን ፕላስተር በ1925፣ በብርሃን አሳላፊ ሴሎፎን ላይ የተቀባውን ደግሞ በ1930 አወጣ። ዛሬ እርስዎ የሚሠሩበትን ተለጣፊ ሌብል ለገበያ ያበቃው ስታንተን ኤቨሪም ሥራውን የጀመረው በ1935 በሎስ አንጀለስ ነበር። እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ችግር ነበረባቸው፦ ሙጫው በወረቀቱ ላይ በስሱ እንዲቀባ ቀጭን መሆን አለበት፣ እንዲይዝ ግን ወፍራም መሆን አለበት። ለረጅም ጊዜ መፍትሔው እንደ ቶሉዊንና ኤቲል አሲቴት ባሉ ማሟሚያዎች አሟሙቶ መቀባትና ማሟሚያውን በረጅም ምድጃ ውስጥ አትንኖ ማስወጣት ነበር። ከሚቀባው ነገር ግማሹ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ወደ አየር የሚሄድ፣ እሳት የሚጠራና ሠራተኛው የሚተነፍሰው እንፋሎት ነበር። የአሜሪካ የአየር ንጽሕና ሕግ በ1970 ሲጠብቅና ትንሽ ቆይቶ የነዳጅ ዋጋ ሲንር፣ ማሟሚያውን አስቀርቶ መቀባት የማይታለፍ ሥራ ሆነ። አንዳንዶች ወደ ውሃ ሄዱ፤ ውሃውን ለማትነን ግን የባሰ ሙቀት ያስፈልጋል። ሌሎች በሙቀት የሚቀልጥ የጎማ ሙጫ ሠሩ፤ እሱም መኪና ውስጥ በፀሐይ ሲቀር መልሶ ይለሰልሳል።

የብርሃን ዋነኛ ጥቅም የሁለቱን ጊዜ መለየቱ ነው። ሙጫው ሲቀባ እንደልቡ ቀጭን ይሆናል፤ ከተቀባ በኋላ በመብራት ሥር ሲያልፍ ይጠናከራል፤ የሚተንም ነገር የለም። ወደዚህ የተደረሰው በሁለት መንገድ ነው። ስሪኤም በጃንዋሪ 1980 የፈጠራ መብት ባገኘበት መንገድ የሚቀባው ገና ሰንሰለት ያልሆነ፣ በጥቂቱ ብቻ ተያይዞ እንደ ሽሮፕ የወፈረ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ሰንሰለቱ ራሱ የሚወለደው በመብራቱ ሥር፣ ሙጫው ወረቀቱ ላይ እያለ ነው። በዚህ ውስጥ የሚያስደንቀን ብርሃኑ ደካማ እንዲሆን መመረጡ ነው፤ በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ከ0.1 እስከ 7 ሚሊዋት ብቻ። ኃይለኛ ብርሃን ብዙ ሰንሰለቶችን በአንድ ጊዜ ስለሚያስጀምር ሁሉም ሳይረዝሙ ይቀራሉ፤ ደካማው ግን ጥቂቶቹን አስጀምሮ በትዕግሥት ያስረዝማቸዋል። በዚያው ዓመት ለገበያ የቀረበውና በብሎን ምትክ የሕንፃ መሸፈኛ ቆርቆሮ ሳይቀር የሚይዘው ወፍራሙ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር የተገኘው ከዚህ ቤተሰብ ነው።

የእርስዎ ሌብል ግን የሁለተኛው መንገድ ልጅ መሆኑን ከመግለጫው እንገምታለን። ይህን በ1990ዎቹ ወደ ገበያ ያመጣው የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ ነው። እዚህ ሰንሰለቶቹ አስቀድመው በፋብሪካ ተሠርተው ያለቁ ናቸው፤ ነገር ግን ርዝመታቸው መጠነኛ ስለሆነ ከ120 እስከ 140 ዲግሪ ሲሞቁ ቀልጠው ይቀባሉ። በየሰንሰለቱ ላይ እንደ እንቡጥ ቤንዞፌኖን የሚባል ብርሃን ተቀባይ ክፍል ተተክሏል። የሞገዱ ርዝመት ከ250 እስከ 260 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) የሆነ ብርሃን ሲያገኘው ይነቃና ከጎረቤቱ ሰንሰለት አንድ ሃይድሮጅን ነጥቆ በዚያው ቦታ ራሱን ያስራል። ያ ነው ቋጠሮው። መብራቱ ሲያልፍ ማሰሩም ይቆማል። ስለዚህ ፋብሪካው ከአንድ በርሜል በወጣ ሙጫ፣ የመብራቱን መጠን ብቻ በመቀያየር፣ በትንሽ ብርሃን ለወረቀት የሚሆን ኃይለኛ ተለጣፊ፣ በብዙ ብርሃን ደግሞ ሙቀትና ክብደት የሚችል ሙጫ ሊሠራ ይችላል። በሙጫ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ያለ ቀላል መሪ ለሠራተኛው እጅ የሰጠ ሌላ ዘዴ አናውቅም።

ጥያቄ፦ «የኬሚካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር በአልትራቫዮሌት የሚበስለውን ሙጫ ለማብሰል መብራት ለምን ያስፈልጋል? መብራቱ የግድ ከሆነስ ብዙ ኤሌክትሪክ በሚፈጀው የሜርኩሪ መብራት ፈንታ ኤልኢዲ አይሆንም?»

መልስ፦ የፀሐይ ሐሳብዎ ሞኝነት አይደለም፤ እንዲያውም አልትራቫዮሌት የተገኘው በፀሐይ ብርሃን ነው። በ1801 በጀርመን የና ከተማ ዮሐን ሪተር የፀሐይን ብርሃን በብርጭቆ በትኖ ከሐምራዊው ቀለም ባሻገር፣ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ፣ የብር ክሎራይድ ጨው ከሁሉ ፈጥኖ እንደሚጠቁር አየ። ችግሩ ወደ ምድር የሚደርሰው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ከ290 ናኖሜትር ገደማ የሚጀምር መሆኑ ነው። ከዚያ በታች ያለውን፣ ቤንዞፌኖን አጥብቆ የሚፈልገውን ክፍል፣ የኦዞን ሽፋን ይውጠዋል። በብርሃን ኬሚስትሪ ውስጥ ደግሞ የማይሻር ሕግ አለ፦ የሚሠራው የተዋጠ ብርሃን ብቻ ነው። በቤንዞፌኖን ፈንታ ሌላ አስጀማሪ (ብርሃን ውጦ ማብሰሉን የሚያስነሳ ንጥረ ነገር) ብንመርጥ እንኳ ደመና በመጣ ቁጥር የማብሰሉ መጠን ይለወጣል፤ ከላይ እንዳየነው ደግሞ የሙጫው ጠባይ በሙሉ በዚያ መጠን ላይ ያረፈ ነው።

ይኸው ሕግ ሌላ መዘዝ አለው። ብርሃን አጥብቆ የሚዋጥ ከሆነ ላይኛው ገጽ ብቻ ይጠግባል፤ ታችኛው ይራባል። ስለዚህ ቤንዞፌኖን ያለበት ሙጫ በስሱ ለሚቀባ ሌብልና ፕላስተር ይመቻል፤ ሲወፍር ግን ላዩ አርሮ ታቹ ጥሬ እንደቀረ እንጀራ ይሆናል። ስሪኤም ለወፍራም ፕላስተሩ ከ300 እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን፣ በቀላሉ የማይዋጠውን ብርሃን የመረጠው ለዚህ ነው። የስሪኤሙ ዘዴ በምትኩ ሌላ ጠላት አለው፤ ኦክስጅን። ሰንሰለት እያደገ ሳለ ኦክስጅን ካገኘው ጫፉን ይይዝና ያመክነዋል። በዚህ ምክንያት ሽሮፑ በሁለት ብርሃን አሳላፊ ፊልሞች መካከል ተሸፍኖ ወይም በናይትሮጅን ተከልሎ ይበስላል። አስቀድሞ የተሠራውን ሰንሰለት ማሰር ግን ረጅም ጉዞ ስላልሆነ በተራ አየር ውስጥም ይሆናል፤ አንድ የሌብል ፋብሪካ የናይትሮጅን ወጪ ሳይጨምር ሊሠራው የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ኤልኢዲ ስንመጣ፣ በገበያ ላይ ያሉት ኃይለኞቹ በ365፣ በ385፣ በ395 እና በ405 ናኖሜትር የሚያበሩ ናቸው። በእነዚህ ላይ የሚነቁ አስጀማሪዎች ስላሉ ሽሮፕን በኤልኢዲ ማብሰል የተለመደ እየሆነ ነው። በ250 አካባቢ የሚያበሩት ኤልኢዲዎች ግን አሁንም ደካሞችና ውድ ናቸው፤ ስለዚህ የቤንዞፌኖኑ ሙጫ ከሜርኩሪ መብራት ገና አልተላቀቀም። በ2013 የጸደቀውና በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት ዓለም ሜርኩሪን እየቀነሰ እንዲሄድ ስለሚጠይቅ፣ ረጅም ሞገድ ባለው ብርሃን የሚነቃ ሆኖ በሰንሰለቱ ላይ የሚተከል አዲስ አስጀማሪ መፈለግ አሁን የዚህ ዘርፍ ትልቁ ሥራ ነው ብለን እናስባለን። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ እየፈለጉ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ለመጠቆም ያዳግተናል።

ጥያቄ፦ «ስልክ እጠግናለሁ። የስክሪን መስተዋት በዩቪ ሙጫ ለጥፌ በመብራት ካበሰልኩት በኋላ መሐሉ ጥሩ ይሆናል፤ ጠርዙ ላይ የወጣው ግን እጅ ላይ እየተለጠፈ ይቀራል። አንዳንዴም ከጥቂት ቀን በኋላ ከጥቁሩ ጠርዝ ሥር ፈሳሽ ይወጣል። ሙጫው የተበላሸ ነው ወይስ እንደ ፕላስተር ሙጫ ተለጣፊ ሆኖ እንዲቀር የተሠራ ነው?»

መልስ፦ ሙጫው ሳይበላሽም ይህ ሊደርስ ይችላል፤ ሁለቱም ችግሮች ከላይ ለተማሪው ከሰጠነው መልስ ይመነጫሉ። መሐሉ በሁለት መስተዋቶች መካከል ስለታፈነ አየር አያገኘውም። ጠርዙ ላይ የወጣው ግን በላዩ ያለው ኦክስጅን ሰንሰለቱን እያመከነበት እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ጠርዙን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ሸፍነው ቢያበስሉት፣ ወይም መብራቱን አቅርበው ቢያጠነክሩት ይሻላል፤ የቀረውን በአልኮል ይጥረጉት። ከጥቁሩ ጠርዝ ሥር የሚወጣው ደግሞ ብርሃን ያልደረሰው ጥሬ ሙጫ ነው። ከላይ ምንም ያህል ቢያበሩ ጥቁሩ ቀለም ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ከጎን በኩል ዙሪያውን እያዞሩ ማብራት ያስፈልጋል። ጥሬው ፈሳሽ ቆዳን ስለሚያስቆጣና በተደጋጋሚ ሲነካ አለርጂ ስለሚያመጣ በባዶ እጅ አይንኩት፤ መብራቱንም በቀጥታ አይመልከቱ።

ይህ የእርስዎ ሙጫ በግፊት የሚለጠፍ አይደለም፤ ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ በመካከል የሚበስል ነው። ብዙ ስልኮች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚይዙት ግን በግፊት የሚለጠፈውን ዘመድ ነው፦ ውሃ የመሰለ ጥራት ያለው፣ ያለ ምንም ወረቀት በሁለት የሚላጡ ፊልሞች መካከል የሚቀመጥ የአክሪሊክ ሽፋን። አንዳንዶቹ ሆን ተብለው በከፊል ብቻ በስለው ይወጣሉ፤ ለስላሳ ሆነው በጥቁሩ ጠርዝ ላይ ያለውን እርከን ሞልተው ከተለጠፉ በኋላ በሁለተኛ ብርሃን ይጠናቀቃሉ።

ጥያቄ፦ «ነርስ ነኝ። በአረጋውያንና በሕፃናት ቆዳ ላይ ፕላስተር ስናነሳ ቆዳ አብሮ ይነሳል። በብርሃን የተሠሩት ፕላስተሮች ይሻላሉ? ኬሚካላቸውስ ወደ ቆዳ አይገባም?»

መልስ፦ የቆዳው ጉዳት ሙጫው በምን እንደበሰለ ብቻ አይወሰንም። ሙጫ እንደ ፈሳሽም እንደ ጠጣርም የሚያደርገው ከፍጥነት ጋር ነው፤ በፍጥነት ሲስቡት ይጠነክራል፣ በዝግታ ሲስቡት ይለሰልሳል። ስለዚህ ፕላስተሩን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ አጥፈው፣ ከቆዳው ጋር አስተካክለው፣ ቆዳውን በሌላ ጣት እየያዙ በዝግታ ማንሳት እውነተኛ ልዩነት ያመጣል። በችኮላ ቀን ይህ ከባድ እንደሚሆን እናውቃለን፤ ሆኖም ለሕፃን ቆዳ ያቺ ደቂቃ ትገባዋለች።

ስለ ኬሚካሉ የጠየቁት ትክክለኛ ስጋት ነው። አክሪሊክ በሰንሰለት ከታሰረ በኋላ ቆዳን የሚያስቆጣ አይደለም፤ የሚያስቆጣው ሳይታሰር የቀረው ጥሬው ነው። ስለዚህ የሕክምና ፕላስተር አምራቾች የቀረውን ጥሬ መጠን መለካትና ዝቅ ማድረግ አለባቸው። ሁለተኛው ስጋት ብርሃን ተቀባዩ አስጀማሪ ነው። በ2005 በጣሊያን በሕፃናት ወተት ውስጥ አይቲኤክስ የተባለ አስጀማሪ ተገኝቶ ወተቱ ከገበያ ተሰብስቧል፤ የመጣው ከማሸጊያው የማተሚያ ቀለም ነበር። ቲፒኦ የተባለውን ሌላ አስጀማሪ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ከጥፍር ጄልና ከሌሎች መዋቢያዎች አግዷል። ሁለቱም ነፃ ሆነው የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ሞለኪውሎች ናቸው። ቤንዞፌኖኑን ከሰንሰለቱ ጋር አስሮ መሥራት ከሚመሰገንባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው፤ የታሰረ ነገር ወደ ቆዳም ወደ ምግብም አይሄድም።

ጥያቄ፦ «በአሪዞና በአንድ የቺፕ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። እኛ ጋ ብዙ ቺፖች የሚሠሩበት የሲሊከን ሰሌዳ ለየቺፑ ሲቆረጥ የሚይዘው ፕላስተር አልትራቫዮሌት ሲበራበት ይለቃል እንጂ አይጠነክርም። ይህ ብርሃን ሙጫን ያጠነክራል ከሚባለው ጋር አይቃረንም?»

መልስ፦ አይቃረንም፤ እንዲያውም ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የእርስዎ ምሳሌ ነው። በዚያ ፕላስተር ውስጥ አስቀድሞ ከበሰለው ተለጣፊ ሰንሰለት ጋር ብርሃን የሚጠብቁ ብዙ ያልታሰሩ ጫፎች ተደባልቀዋል። መጋዙ ሰሌዳውን ሲቆርጥና ውሃ ሲረጭበት ሙጫው ለስላሳ ስለሆነ እያንዳንዷን ቺፕ አጥብቆ ይይዛል። ቆረጣው ሲያበቃ ብርሃኑ ከጀርባ ይበራል፤ የቀሩት ጫፎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታሰራሉ፣ ቋጠሮው ይበዛል፣ ሙጫው የዳልኲስትን ወሰን አልፎ ይገተርና በጥቂቱም ይሸበሸባል። ጥንካሬው አድጓል፤ መለጠፉ ግን ከአሥር አንድ እጅ በታች ይወርዳል። ቺፗም ሳትሰበርና ቅሪት ሳይከተላት ትነሳለች። ለማተሚያ ቤቱ ባለሙያ «ከበዙ አይይዝም» ብለን የነገርናቸው ብልሽት በእርስዎ ፋብሪካ ዋናው ጥቅም ሆኗል። በዚህ ዘርፍ እንደ ሊንቴክ ያሉ የጃፓን ኩባንያዎች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል።

ጥያቄ፦ «ከጎጃም ማር አሽጌ እሸጣለሁ። ቀድሞ የምለጥፈው ሌብል በሱቅ መስኮት ላይ ሲቆይ ሙጫው እየቢጫ ጠርዙ ይነሳ ነበር። አሁን የገዛሁት አይቢጫም፤ ነገር ግን አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ከመጀመሪያው አይይዝልኝም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህታችን፣ የቀድሞው ሌብልዎ ከጎማና ከዛፍ ሙጫ የተሠራ እንደነበር እንገምታለን። አማርኛችን «ሙጫ» የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰጠው ከግራርና ከሌሎች ዛፎች ለሚፈሰው ነገር ነው፤ የፕላስተር ሠሪዎችም ጎማው እንዲለጠፍላቸው ለረጅም ጊዜ የቀላቀሉበት ከጥድ የሚገኘውን ሙጫ ነበር። በጎማውና በሙጫው ሰንሰለት ውስጥ ኦክስጅንና ብርሃን በቀላሉ የሚያጠቋቸው ደካማ መጋጠሚያዎች ስላሉ ይቢጫል፣ ይደርቃል፣ ይነሳል። በደጋው አገራችን ይህ ይፈጥናል፤ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፣ የመስኮት መስተዋትም የሚያስቀረው ሁሉንም አይደለም። አክሪሊክ እነዚያ ደካማ መጋጠሚያዎች የሉትም፤ አዲሱ ያልቢጫው ስለዚህ ነው።

አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ አለመያዙ ግን ሙጫው ገጹን ማራስ ስላልቻለ ነው። የማር ቅሪት፣ የሰም ቅባት ወይም የማለዳ ጤዛ በመካከል ከገባ በጣት የሚሰጡት ግፊት አይበቃውም። ጠርሙሱን ከሞሉ በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁት፣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁት፣ ከለጠፉ በኋላ ሌብሉን ከመሐል ወደ ጠርዝ በአውራ ጣት እየተጫኑ ያሹት። ሙጫው ከተለጠፈም በኋላ ለሰዓታት ቀስ እያለ ወደ መስተዋቱ ጎድጓዳ ስፍራዎች መፍሰሱን ስለሚቀጥል፣ ቢቻል አንድ ቀን ሳይሞላው ጠርሙሱን አያጥቡት፣ ወደ ሩቅ መንገድም አይጫኑት። ከአሮጌዎቹ ጠርሙሶች ላይ የቀረውን የጎማ ሙጫ ለማስለቀቅ የምግብ ዘይት ቀብተው ጥቂት ካቆዩ በኋላ በሳሙና ይጠቡት፤ የአክሪሊኩን ቅሪት ግን አልኮል በነካው ጨርቅ ቢጠርጉት ይቀልልዎታል።